ኦፕራን ከዜና ወንበር ባያነሷት ኖሮ?

የቀበና ልጅ
እሁድ፣ ከምሽቱ 2፡15

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን የአሜሪካዊቷ የቴሌቪዥን አቅራቢ የኦፕራ ዊንፍሬይ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎኛል። ሰው ስሟ ሲነሳ ትዝ የሚለው ሁለት ነገር ነው፤ ሀብቷና ያ የመኪና ስጦታ። 2004 ላይ ስቱዲዮ ለተቀመጡ 276 ታዳሚዎች ለእያንዳንዳቸው አዲስ መኪና የሰጠችበት ቀን። (የምጽፈው ዓመት ሁሉ በፈረንጆቹ ነው።)

እኔ ግን ሁሌ የምመለሰው ወደ 1977 ነው። ኦፕራ ከናሽቪል ወደ ባልቲሞር የሄደችው ገና በ22 ዓመቷ ነው። ዋናውን የምሽት ዜና ከአንድ አንጋፋ አንባቢ ጋር እንድታቀርብ ተቀጠረች። ጣቢያው «ኦፕራ ምንድን ነው?» የሚል ማስታወቂያ በከተማው ሁሉ አስለጠፈ። ከዚያ ዓመት እንኳን ሳይሞላት ከወንበሩ አነሷት።

ለምን? ዜና አንባቢ መሆን አልቻለችበትም። ቃጠሎ ልትዘግብ ትላካለች፤ ቤቱ ለተቃጠለበት ሰው ብርድ ልብስ ይዛ ትመለሳለች። አለቆቿ ይቆጧታል። መልኳንም አልወደዱትም። ፀጉር ቤት ላኳት፤ ኬሚካሉ ፀጉሯን ከሥሩ አረገፈው። በአደባባይ የምትታይ የ22 ዓመት ልጅ ራሰ በራ ስትሆን አስቡት። ይህን እሷው ራሷ ደጋግማ አውርታዋለች።

ውል ስለነበራት ዝም ብለው አላሰናበቷትም። ነሐሴ 1978 ላይ አንድ የጠዋት ቶክ ሾው ላይ መደቧት። ያኔ እንደ ቅጣት ነበር የሚታየው። የመጀመሪያ ቀን እንግዶቿ አንድ የአይስክሬም ኩባንያ ባለቤትና አንድ የተከታታይ ድራማ ተዋናይ ነበሩ። በቃ። ፕሮግራሙ ሲያልቅ ግን ቤቴ የገባሁ መሰለኝ ብላለች።

እኔ የሚመስለኝ ይሄ ነው። ይቺ ሴትዮ በስክሪን ላይ የሰራችው ሁሉ፣ ሾውም ፊልምም፣ የቆመው ፊቷ ላይ ነው። ሰው ሲያወራ ፊቷ አብሮ ይሰማል። ዜና አንባቢ ደግሞ ፊቱን መደበቅ አለበት። ባያነሷት ኖሮ ያንን ፊት ማን ያየው ነበር? እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ጅዳ ነበርኩ
እሁድ፣ ከምሽቱ 3፡40

ወንድሜ፣ እኔ ለዚህ ምስክር ነኝ።

ጅዳ ሰው ቤት ስድስት ዓመት ሰርቻለሁ። ኤምቢሲ 4 ላይ ኦፕራ በአረብኛ ሰብታይትል ይመጣ ነበር። ማዳም አንድ ቀን አያመልጣትም። እኔ ደግሞ ያ ሰዓት ካውያ የምተኩስበት ነው። የልብሱን ክምር ሳሎን አምጥቼ፣ ከሶፋው ጀርባ ቆሜ እተኩሳለሁ፤ በዚያውም አያለሁ።

እንግሊዝኛ አልሰማም። አረብኛ እሰማለሁ፣ ማንበብ ግን አልችልም። ስለዚህ ከሚባለው ነገር አንዱም አይገባኝም። ግን ይገባኝ ነበር! ኦፕራ እጇን አገጯ ላይ ስታደርግ ከባድ ነገር እየተወራ እንደሆነ አውቃለሁ። ወደ ፊት ሸርተት ብላ ወንበሩ ጫፍ ላይ ስትቀመጥ ሴትየዋ ልታለቅስ ነው። እሷም ታለቅሳለች። ማዳምም ታለቅሳለች። እኔ ሸሚዝ እንዳላቃጥል እጠነቀቃለሁ።

አንድ ቀን አንዲት እናት ከልጇ ጋር ለብዙ ዓመት ተለያይታ ስትገናኝ አሳዩ። ማዳም ድንገት ዞር አለችና «እናትሽ በሕይወት አለች?» አለችኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ እዚያ ቤት ስኖር አንድም ቀን ጠይቃኝ አታውቅም። «አለች» አልኳት። «ስሟ ማነው?» አለችኝ። በዚያ ሳምንት ስልክ አስደወለችኝ።

የቀበና ልጅ
እሁድ፣ ከምሽቱ 3፡58

እህቴ፣ ይህን ስላካፈልሽን እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እኔም ያየኋት በዚያው በኤምቢሲ ነው፤ ጎረቤት ዲሽ ነበር። አንቺ ግን እኔ በአሥር መስመር ለማስረዳት የለፋሁትን በአንድ ካውያ ጨረስሽው።

ሦስተኛው ካሜራ
ሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡20

እኔ በሙያው ውስጥ ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ለቶክ ሾው ካሜራም ቅንብርም እሰራለሁ። እስቲ ነገሩን በእኛ ዓይን ልንገራችሁ።

ከኦፕራ በፊት በአሜሪካ የቀኑ ቶክ ሾው ንጉሥ ፊል ዶናሁ ነበር። ማይክ ይዞ ታዳሚው መሃል እየሮጠ ማስጠየቅን ያስለመደው እሱ ነው። ኦፕራ ጥር 1984 ቺካጎ ስትመጣ የተሰጣት የግማሽ ሰዓት የጠዋት ፕሮግራም በተመልካች ብዛት ከታች ነበር። የቺካጎ የጠዋት ንጉሥ ደግሞ እሱ ራሱ ዶናሁ። በአንድ ወር ውስጥ በለጠችው። ፕሮግራሙ አንድ ሰዓት ሆነ፣ በስሟ ተጠራ፣ መስከረም 8 ቀን 1986 በመላ አገሪቱ መታየት ጀመረ።

ዶናሁ ጎበዝ ጠያቂ ነበር። ጥያቄው ስለት ነበር። የእሷ ሥራ ግን ከጥያቄው በኋላ ነው። እንግዳው እየመለሰ ካሜራው ወደ አቅራቢው ፊት ሲቆረጥ እኛ «ሪአክሽን» እንለዋለን። የኦፕራ ሾው ግማሹ ሪአክሽን ነው። አንድ ክፍል ድምፁን አጥፍታችሁ እዩ፤ የጅዳዋ እህታችን እንዳየችው።

አሁን የእኔን ችግር ስሙ። እንግዳዋ ስለሞተ ልጇ ታወራለች። ወደ አቅራቢው ልቆርጥ እፈልጋለሁ። አቅራቢው ግን ቀጣዩን ጥያቄ ከወረቀት ላይ እያነበበ ነው! ታዲያ ምኑን ልቁረጠው? እንግዳዋ ላይ ብቻዋን አቆያታለሁ። ተመልካቹ ምክንያቱን አያውቅም፤ ሴትየዋ ብቻዋን እንደቀረች ግን ይሰማዋል። ያን ቀን ሳቀናብር አመሸሁ፤ አንድ አራት ሰከንድ እንኳን የሚሆን ፊት አጣሁ።

ማቲኔ
ሰኞ፣ ከቀኑ 7፡05

ስለ ሾው ብዙ ተባለ። ፊልሟን ግን ማንም አላነሳም፤ እኔ ደግሞ ልቤ እዚያ ነው።

ኩዊንሲ ጆንስ ለአንድ የፍርድ ቤት ጉዳይ ቺካጎ ሄዶ ሆቴል ክፍሉ ውስጥ ቴሌቪዥን ሲከፍት ጠዋት ላይ ኦፕራን አየ። እሱ ያኔ የ«ዘ ከለር ፐርፕል» ፕሮዲዩሰር ነው። ሶፊያን የምትሆን ሴት እየፈለጉ ነበር። «ይቺ ናት» አለ። ኦፕራ ከዚያ በፊት አንድ ፊልም እንኳን አልሰራችም፤ መጽሐፉን ግን አንብባ ሰው ሁሉ እንዲያነበው እየገዛች የምታድል ሴት ናት።

ከሙከራው በኋላ ለሳምንታት ዝም አሏት። ስለወፈርኩ ነው የተውኝ ብላ ክብደት መቀነሻ ቦታ ገባች። መሮጫው ላይ እየሮጠች፣ እያለቀሰች፣ «ሁሉን ላንተ ሰጠሁ» የሚለውን የቤተ ክርስቲያን መዝሙር እየዘመረች ነገሩን ከልቧ ለመተው ትታገላለች። በዚያ መሃል ስልክ አለሽ ተባለች። ስቲቨን ስፒልበርግ ነው። አንድ ፓውንድ ከቀነስሽ ቦታውን ታጪዋለሽ አላት!

ከዚያ የፈቃድ ችግር መጣ። በየቀኑ ሾው አለ፤ ቀረጻው ደግሞ ሰሜን ካሮላይና። የወደፊት የዓመት ፈቃዷን ሁሉ አሳልፋ ሰጥታ ሄደች። የራሴን ጊዜ የማዝበት እኔ ራሴ መሆን አለብኝ ያለችው ያኔ ነው። ሃርፖ የሚባለውን ኩባንያ አቋቋመች፤ 1988 ላይ ሾውውን ራሱ የራሷ አደረገች። ሃርፖ ማለት ኦፕራ ወደኋላ ሲነበብ ነው፤ በእንግሊዝኛ ፊደል። የሚገርመው ደግሞ ፊልሙ ውስጥ የሶፊያ ባል ስምም ሃርፖ ነው።

አሁን ወደ ትዕይንቱ ልምጣ። ሶፊያ የከንቲባው ሚስት «ቤቴ ሠራተኛ ሁኚ» ስትላት እምቢ አለች። ከንቲባው በጥፊ ሲመታት መልሳ መታችው። ዓመታት ታሰረች። ስትወጣ ያንኑ ቤት እንድታገለግል ተደረገች። ፀጉሯ ሸብቷል፣ አንድ ዓይኗ ተጎድቷል፣ አትናገርም። ቤተሰቡ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ ይበላል፤ እሷ አንገቷን ደፍታለች። ለረጅም ጊዜ ምንም አትልም። ከዚያ የፊልሙ ዋና ባለታሪክ ሲሊ ባሏን ፊት ለፊት ትናገረዋለች። ያኔ ሶፊያ ትከሻዋ መነቅነቅ ይጀምራል። ልታለቅስ ነው ብላችሁ ስትጠብቁ ትስቃለች።

ለረዳት ተዋናይት ኦስካር ታጨች። ፊልሙ 11 እጩነት ይዞ ገብቶ አንዱንም ሳያገኝ ወጣ። እኔ እስካሁን አልዋጥልህ ብሎኛል።

የቀበና ልጅ
ሰኞ፣ ከቀኑ 8፡30

ማቲኔ፣ ያው ፊቱ አይደል? ቃል ሳታወጣ ነው ሁሉን የሰራችው። ግን እስቲ ንገረኝ፣ እንዲህ ከጀመረች ለምን ተዋናይት ሆና አልቀጠለችም?

ማቲኔ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡10

ሞክራለች እኮ። ትልቁ ሙከራዋ «ቢላቭድ» ነው። የቶኒ ሞሪሰንን መጽሐፍ መብት ገዝታ አሥር ዓመት ያህል ለፋችበት። 1998 ላይ ወጣ፤ ዋናዋ ተዋናይት እሷ። 80 ሚሊዮን ዶላር ያህል ወጥቶበት በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች 23 ሚሊዮን እንኳን አልሞላም። በተከፈተበት ሳምንት የአሻንጉሊት አስፈሪ ፊልም በለጠው። አልጋ ላይ ወድቃ በአይብ የተሰራ መኮሮኒ ብቻ ስትበላ እንደነበር ተናግራለች።

ለእኔ ምክንያቱ ግልጽ ነው። በ1985 ሶፊያን ስናያት ከቺካጎ ውጭ ኦፕራን የሚያውቃት ብዙ ሰው የለም። በ1998 ግን በየቀኑ ሳሎናችን የምትገባ ሴት ናት። ባሪያ ሆና ስታያት እንኳን «ኦፕራ ናት» ትላለህ። ሰው ሁሉ የሚያምነው ያ ፊት ፊልሙን ከለከላት።

ቆይታ ግን በትንንሽ ቦታ ተመለሰች። «ዘ በትለር» 2013፣ «ሰልማ» 2014። አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ሳየው ነው የገረመኝ። ሶፊያ ከንቲባውን ትመታለች። «ዘ በትለር» ላይ አባቱን የናቀውን ልጇን እራት ጠረጴዛ ላይ በጥፊ ትለዋለች። «ሰልማ» ላይ ደግሞ አኒ ሊ ኩፐርን ሆና ሸሪፉን ትመታለች። ኩፐር በእውን የነበረች ሴት ናት፤ በ1965 ለመምረጥ ልትመዘገብ ተሰልፋ ሳለ የሆነ ነው። ሦስት ፊልም፣ ሦስት ምት። ሦስቱም ጋ ከመምታቷ በፊት ፊቷን እዩት። ንዴት አይደለም። መረረኝ ነው።

ጥያቄ አለኝ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡00

ይቅርታ፣ ደስታችሁን ላደፈርስ አይደለም። ግን ሁሉ ወርቅ ሆኖ ሲቀርብ አይመቸኝም።

እኔ የሕክምና ተማሪ ነኝ። ይቺ እናንተ የምታደንቋት «አብሮ የሚሰማ ፊት» አደጋም አለባት። 2007 ላይ አንዲት ታዋቂ ሴት ሾውው ላይ ቀርባ የልጇን ኦቲዝም ከክትባት ጋር አያያዘች። ሳይንሱ ያንን አይልም። ኦፕራ ግን እንደ እናት ሰማቻት፤ ፊቷ አመናት። በሚሊዮን የሚቆጠር እናት ያንን ፊት ነው ያየው። የባለሙያዎች መልስ ከወረቀት ላይ ተነበበ። የቱ ልብ ውስጥ ይገባል?

1988 ላይም በፈሳሽ ምግብ ብቻ ክብደቷን ቀንሳ፣ የቀነሰችውን ያህል 30 ኪሎ ስብ በጋሪ ጎትታ ስቱዲዮ ገባች። ክብደቱ ወዲያው መመለስ እንደጀመረ ራሷ ተናግራለች። ያንን አይቶ ራሱን ያስራበው ሰውስ?

የቀበና ልጅ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡45

ልክ ነህ። ወይም ልክ ነሽ። ስለ ክትባቱ ምንም የምከራከረው የለኝም፤ መስማት ማለት ማመን አይደለም፤ እዚያ ላይ ሁለቱ ተቀላቅለውባታል። ስለ ጋሪው ግን እሷም ትልቅ ስህተት ነበር ብላዋለች። በ1988 የዘረኛ ቡድን አባላትን ጋብዛ መድረክ እንደሰጠቻቸውም እንደዚሁ ተጸጽታበታለች። በዘጠናዎቹ አጋማሽ ሌሎቹ ሾዎች ወንበር መወራወር ሲጀምሩ እሷ ከዚያ ወጣች፤ መስከረም 1996 ላይ መጽሐፍ ማስነበብ ጀመረች። እንዲያውም በዚያው ዓመት ስለ እብድ ላም በሽታ ባወራችው የቴክሳስ ከብት አርቢዎች ከሰዋት፣ 1998 አማሪሎ ድረስ ሄዳ ቀን ፍርድ ቤት፣ ማታ ሾው እየሰራች ረታች።

ጥያቄህ ግን ልብ ውስጥ ቀርቷል። መልስ የለኝም።

ነጭ ጋውን
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 12፡50

የሕክምና ተማሪው ልጄ፣ አነጋገርህን ወድጄዋለሁ። እኔ ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ። እስቲ ሌላውን ወገን ደግሞ ልጨምርልህ።

ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ ወደ ኢትዮጵያ የመጡት በ1959 ነው። የፌስቱላ ሆስፒታሉን በ1974 ከፈቱ። ፌስቱላ ምን እንደሆነ የማታውቁ ትኖራላችሁ። ምጥ ለቀናት ሲቆይ የሕፃኑ ጭንቅላት ሥጋውን ተጭኖ ይበሳዋል። ሕፃኑ አብዛኛውን ጊዜ ይሞታል። እናትየው ሽንቷ ያለማቋረጥ ይፈሳል። ባል ይሄዳል፣ ጎረቤት ይሸሻል። ወረፋ ላይ እንኳን ማንም አጠገባቸው አይቀመጥም ነበር፤ በዓይኔ አይቻለሁ።

ዶክተር ካትሪን በ2004 ኦፕራ ሾው ላይ ቀረቡ። ስለ ሽንት፣ ስለ ሽታ፣ ስለ ተቀደደ የሴት አካል በጠራራ ፀሐይ ቴሌቪዥን ላይ አወሩ። ኦፕራ ፊቷን አላዞረችም። ለእኔ ትልቁ ነገር እሱ ነው፤ እነዚያ ልጆች የለመዱት ሰው ፊቱን ሲያዞርባቸው ነውና። ከተመልካች ብዙ እርዳታ መጣ። ቆይታም ራሷ አዲስ አበባ መጥታ ሆስፒታሉን ጎበኘች፤ ታካሚዎቹን አነጋገረች፤ ለሾውው ተቀረጸ።

ዶክተር ካትሪን በ2020 በ96 ዓመታቸው አረፉ። ነፍሳቸውን ይማር።

ጅዳ ነበርኩ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡30

እትዬ፣ ያን ክፍል እኔ አላየሁትም። አይቼው ቢሆን ኖሮ ያቺን አገር አውቃታለሁ ብዬ ማዳም ፊት ብድግ እል ነበር።

ሌላ ያየሁትን ልጨምር፣ ይሄ አገሬ ከገባሁ በኋላ ነው። 2010 ላይ 200 ወንዶች ስቱዲዮ አስቀመጠች። ሁሉም በልጅነታቸው የተደፈሩ ናቸው። እያንዳንዱ ያኔ የነበረበትን የልጅነት ፎቶ ደረቱ ላይ ይዞ ቆሟል። ጢማም ትልቅ ሰው፣ እጁ ላይ ጥርሱ የወለቀ የስምንት ዓመት ልጅ። እሷም በልጅነቷ የደረሰባትን በዚያው ሾው ላይ በ1986 ተናግራ ነበር። ለዚህ ነው መሰለኝ አንዱም ያፈረ የማይመስለው።

ዌስት ሉፕ
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6፡15

ከቺካጎ ሰላም ብያለሁ። ታክሲ ነድቻለሁ፤ ዋሽንግተን ጎዳና ላይ የነበረውን የሃርፖ ስቱዲዮ እንደ ቤቴ ነው የማውቀው። ጠዋት ጠዋት ሴቶች ደማቅ ቀለም ለብሰው በብርድ ይሰለፉ ነበር። ከሌላ ስቴት የመጡ ናቸው። ከኤርፖርት ሳመጣቸው መንገዱን በሙሉ ማውራት አያቆሙም፤ ሲወጡ ግን ዝም ይላሉ። አንዷ ኋላ ወንበር ላይ መሐረቧን እያጠፈች እየፈታች ሆቴሏ አደረስኳት።

የመጨረሻው ሾው ግንቦት 25 ቀን 2011 ነበር። 25 ሲዝን፣ 4,561 ክፍል። እንግዳ የለ፣ ስጦታ የለ። ብቻዋን ቆማ አወራች። ታዳሚው መሃል የአራተኛ ክፍል መምህሯ ተቀምጠው ነበር። ሲያልቅ ሠራተኞቿን እያቀፈች ኮሪደሩን ይዛ ሄደች፤ ውሻዋን አንስታ ወጣች።

ሕንፃው ዛሬ የለም። ፈርሶ በቦታው የማክዶናልድስ ዋና መሥሪያ ቤት ቆሟል። ባለፍኩ ቁጥር ያ የሴቶች ሰልፍ ዓይኔ ላይ ይመጣል።

ሦስተኛው ካሜራ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡00

በ2021 ሜገንንና ባሏን የእንግሊዙን ልዑል ሃሪን ስታነጋግር አንድ ጥያቄ አለ። ሜገን ስለ ዝምታዋ ስታወራ ኦፕራ ጣልቃ ገብታ፦ «ዝም አልሽ ወይስ ዝም አሰኙሽ?» አለቻት። ስድስት ወር ተዘጋጅተህ ወረቀት ላይ የምትጽፈው ጥያቄ አይደለም። ሰምተህ ብቻ ነው የሚመጣልህ። ያኔ 67 ዓመቷ ነው። ለአቅራቢያችን አሳየሁት። ሁለቴ መልሶ አየው። በሚቀጥለው ቀረጻ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ገልብጦ አስቀመጠው።

ማቲኔ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡25

ዝም አልሽ ወይስ ዝም አሰኙሽ! ይሄ ሶፊያ እኮ ናት። ከ36 ዓመት በኋላ ጠያቂዋ ሆና ተቀመጠች።

የቀበና ልጅ
እሁድ፣ ከምሽቱ 4፡05

ሳምንት ጠፋሁ፣ ይቅርታ። ትናንት «ዘ ከለር ፐርፕል»ን ከእናቴ ጋር አየነው። እናቴ እንግሊዝኛ አትሰማም። ልተርጉምልሽ ስላት «ተወኝ፣ አያለሁ» አለችኝ። ነጠላዋን ተከናንባ ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠግታ ተቀመጠች።

ጠረጴዛው ጋ ስንደርስ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ሶፊያ ስትስቅ እናቴ አልሳቀችም። «መልሰው» አለችኝ። የንግግሩን ቦታ ይሆናል ብዬ መለስኩት። «አይደለም፣ አልፎታል» አለች። «ከመሳቋ በፊት ያለውን። አንገቷን የደፋችበትን።» መለስኩት። አይታ ስትጨርስ እንደገና መልሰው አለችኝ።